በማን ማልሽ

አሰልጣኝ አንዳርጋቸው ዓርብ ከሰዓት በኋላ በራችንን ሲያንኳኩ የባሌን ካናቴራ እየሰፋሁ ነበር። ከሰው ሁሉ ይልቅ እሳቸው እንዲያዩት የማልፈልገው ካናቴራ ነው። ጠቅልዬ ከስፌት መኪናዬ ሥር ወሸቅሁትና በሩን ከፈትኩ።

የካናቴራውን ጉድ አስቀድሜ ልንገራችሁ። ባሌ ትዕዛዙ በረኛ ነው፤ ቀኝ ትከሻው ከቦታው ይወጣል። መጀመሪያ ሆሳዕና ላይ በዝናብ ሲጫወት ወጣና ወጌሻ መለሰለት። ከዚያ ወዲህ መውጣት ለመደ። ድሬዳዋ ላይ ወጣ፤ ነቀምት ላይ ወጣ፤ ባለፈው ክረምት ደግሞ እዚሁ ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር በተከራየናት ክፍል ውስጥ፣ ከቁም ሳጥን ላይ ብርድ ልብስ ሲያወርድ ወጣ። ያን ቀን የመለስኩለት እኔ ነኝ። ወጌሻ ሲያደርግ ደጋግሜ ስላየሁ ወለሉ ላይ አጋደምኩትና እግሬን ብብቱ ሥር አስደግፌ እጁን ቀስ እያልኩ ሳብኩ። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ እጄ አይንቀጠቀጥም። ሲገባ የሚያሰማውን ድምፅ ግን ማንም እንዲሰማው አልመኝም።

በዚያው ሳምንት ሐኪም ዘንድ ሄድን፤ የራጅ ፎቶውን ብርሃን ላይ ይዞ አየና "አንድ ጊዜ ደግሞ ከወጣ ነርቩ ይጎዳል፤ ያን ጊዜ በዚህ እጅህ ማንኪያም አታነሳ" አለው። ባሌ ምን ቢል ጥሩ ነው? "ዶክተር፣ አንድ ጨዋታ ብቻ።" እኔ ደግሞ ልክ እንደ ጤነኛ ሰው ቤቴ ገብቼ ካናቴራ መስፋት ጀመርኩ። ሰፊ ላስቲክ ከጀርባው አስነስቼ፣ በብብቱ ሥር አሳልፌ፣ ደረቱ ላይ አጥብቄ ሰፋሁት። ክንዱ ከጆሮው በላይ እንዳይዘረጋ ይይዘዋል። ከላይ ማሊያ ሲለብስበት ማንም አያውቅም።

"አንድ ጨዋታ" የሚለው ምን እንደሆነ ካልነገርኳችሁ እብዶች ናቸው ማለታችሁ አይቀርም። ትዕዛዙ አይከል ተወልዶ ጎንደር ከተማ የተማረ ሰው ነው፤ ጎንደር ላይ ግን ተሰልፎ አያውቅም። ገና በወጣትነቱ ደሴ ወሰዱት። ከደሴ አርባ ምንጭ፣ ከአርባ ምንጭ ሆሳዕና፣ ከዚያ ድሬዳዋ፣ ከዚያ ነቀምት። በሄደበት ሁሉ ተጠባባቂ በረኛ ነው፤ ዋናው ሲታመም ይገባል፣ ዋናው ሲድን ይወጣል። በየከተማው ማሊያው ላይ ስሙን የምሰፋውም፣ ውሉ ሲያልቅ የምተረትረውም እኔ ነኝ። የጎረቤቶቼን ስም በቅጡ ሳልይዝ ሌላ ከተማ ሌላ ቤት እንከራያለን። ታዲያ የትም ቢሄድ አንድ ነገር አብራው ትሄዳለች፤ ክንዱ። ኳስ በእጁ ሲወረውር ከግቡ አስነስቶ መሐል ሜዳ አሻግሮ አጥቂው እግር ሥር ያኖራታል። "ወንጭፍ" ይሉታል። ስንቱን ሜዳ ያስጨበጨበች ክንድ፣ አባቱ ግን አንድ ቀን እንኳ አላዩዋትም።

ዘንድሮ መገጭ የሚባለው የጎንደር ክለብ ሲያስፈርመው እንደ ሕፃን ዘለለ። እዚህም ተጠባባቂ ሆነ። ዓመቱን ሙሉ ወንበር ሲያሞቅ ከርሞ የመጨረሻው ጨዋታ ደረሰ፤ ያኔ ዋናው በረኛ ማንያዘዋል በቢጫ ካርድ ታገደ። እንግዲህ አንድ ጨዋታ የምትለው ይህች ናት፤ እሑድ፣ ጎንደር ስታዲየም፣ በአገሩ ሰው ፊት።

አሰልጣኙ "አልቆይም" አሉና ተቀመጡ። ስልሳን ያለፉ፣ ዝግ ብለው የሚናገሩ፣ ሰው ዓይን ውስጥ ገብተው የሚያዩ ሰው ናቸው። ጠረጴዛው ላይ የተረፈውን የላስቲክ ጥቅል አንስተው በጣታቸው ሳብ ለቀቅ አደረጉት።

"ይኼ ለምንድነው?"

"ለቀሚስ ወገብ ነው ጋሼ።"

"ሰፊ ነው።"

"ሰፊ ወገብ ያላት ደንበኛ አለችኝ" አልኩ።

ላስቲኩን አስቀመጡት። "እሑድ እኩል ብንወጣ ይበቃናል፤ ወደ ላይኛው ሊግ እናልፋለን። በረኛ የምለው አንድም ትዕዛዙን ነው፣ አንድም ያንን ሀብተሥላሴን። ሀብተሥላሴ ሸጋ ልጅ ነው፣ ግን ገና ትናንት ከታዳጊው ቡድን ያመጣሁት ነው። ትዕዛዙ ልምድ አለው። ነገር ግን ከሆሳዕና አንድ ሰው ደውሎ ትከሻውን መርምረው አለኝ።"

"ጠየቁት?"

"ጠየቅሁት። ደህና ነኝ አለ። ማለም።"

"ታዲያ ምን ቀረዎት?"

"በረኛ ሜዳ ለመግባት ምን የማይለው አለ? አንቺ ግን ሚስቱ ነሽ። አብረሽው የምታድሪ። ጤነኛ ከሆነ እሱ ይገባል፤ ካልሆነ ልጁን አስገባለሁ። ማለሽ ንገሪኝ። ኤልሳ ትሙት በይኝ።"

ኤልሳ ልጃችን ናት። የዚያን ሰዓት ከመስኮቱ ሥር፣ በእኔው ቁርጥራጭ ላስቲክ፣ ከጎረቤት ልጆች ጋር ሱዚ ትዘል ነበር። ድምፅዋ ይሰማኛል። ተሸነፍሽ ሲሏት አልተሸነፍኩም ብላ ትከራከራለች።

እኛ እኮ ቀኑን ሙሉ ሰው ስንገድል ነው የምንውለው። ሽንኩርት ስንገዛ እናቴ ትሙት፣ ስንቀጥር ወንድሜ ይሙት፣ ሳቅ ሲያንቀን እንኳ እከሌ ይሙት። የሚሞትም የለ፣ የሚታዘብም የለ። ፊት ለፊት ተይዞ "ማለሽ ንገሪኝ" ሲባል ግን ሌላ ነው። ያን ጊዜ የጠራሽው ሰው ከነፍሱ መጥቶ መሐላችሁ ይቆማል። አፌን ከፈትኩ፤ የልጄ ስም አልወጣ አለኝ።

"በልጅ አልምልም" አልኳቸው።

"ለምን? እውነት ከሆነ ምን ያስፈራሻል?"

"እውነትም ቢሆን በልጅ አልምልም። እናቴ በልጅ ስትምል ሰምቼ አላውቅም።"

ዓይናቸውን ወደ በሩ አዞሩ። አሁን ተነስተው ይወጣሉ፣ ሀብተሥላሴን ያሰልፋሉ፣ ባሌም ዓመቱን ሙሉ ሲያልማት የኖረውን ቀን ወንበር ላይ ተቀምጦ ያያታል። ከዚያ በኋላስ የትኛው ክለብ ይጠራዋል? ይህ ሁሉ በአንድ ትንፋሽ መጣብኝ። በራሴ እንዳልምል፣ በገዛ ራሱ የሚምልን ማን ያምናል?

"ትዕዛዙ ይሙት!" አልኩ። "ትዕዛዙ ይሙት ደህና ነው።"

አሰልጣኙ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱ። "ይበቃኛል" አሉ። በሩን ዘግቼ መርፌው ላይ ክር ላስገባ ብል ደጋግሜ ሳትኩት። እጄ አይንቀጠቀጥም ያልኳችሁ እኔው ነኝ።

ለትዕዛዙ አልነገርኩትም። ምን ብዬ? ገደልኩህ ልበለው? ማታ ከልምምድ ሲመለስ "ጋሼ አንዳርጋቸው እኔን ሊያሰልፉኝ ነው" አለኝና ከሥራ ቀና ብዬ ሳየው ፊቱ ደስታም አለበት ሌላም ነገር አለበት። ገና ሳይቀመጥ ደግሞ ማንቆርቆሪያውን ከእጄ ቀማኝ።

"ምን ሆነሃል?"

"ፍል ውኃ ነው። ያቃጥልሻል።"

እንዲህ ያለ ባል አልነበረኝም! የካውያው ሽቦ ተላጥቷል፣ ይይዘኛል እያልኩ ከነቀምት ጀምሮ ስለምነው የኖርኩ ሴት ነኝ። ያን ምሽት ሳልጠይቀው ፕላስተር አምጥቶ ጠቀለለልኝ። ቅዳሜ አብረን ገበያ ስንወጣ ባጃጅ ገና ከሩቅ ሲመጣ ክንዴን ይዞ ወደ ግድግዳው አስጠጋኝ፤ በግራ እጁ፣ ክንዴ እስኪቀላ ድረስ። ያው ጨዋታው ቢያስፈራው ነው፣ ለአሰልጣኙ እንዳላወራበት ሊያባብለኝም ይሆናል አልኩ። እኔም የተሻልኩ አልነበርኩም። ካጎነበሰ "ቀስ"፣ ከሳለ "ምነው?"፣ ደረጃ ከወረደ "ያዝ ያዝ" እላለሁ። ሁለታችንም እንቁላል ላይ እንደሚሄድ ሰው ሆነን ዋልን።

ቅዳሜ ከሰዓት ልቤ አላስችል ብሎኝ ስልኬን አነሳሁ። ለአሰልጣኙ ደውዬ ዋሽቻለሁ ልላቸው ነው። የማይወጣውን ቃል እያመነዠክሁ ሳለሁ ስልኩ ራሱ ጮኸ። አማቼ፣ የትዕዛዙ አባት አያ ዋሴ ናቸው፣ ከአይከል።

"ልጄ፣ ነገ በማለዳ መኪና ልመጣ ነው" አሉኝ። "ያን ልጅ ላየው። ይኸን ሁሉ ዘመን ይጫወታል ይጫወታል ይሉኛል፤ ሲጫወት አላየሁትም።"

"ይምጡ አባባ" አልኩ። አሰልጣኙ ጋ ሳልደውል ቀረሁ።

እሑድ ስታዲየሙ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ነበር። ኤልሳን ለጎረቤቴ ለይመኙሽ ትቼ ከአማቼ ጋር ከግቡ በስተቀኝ፣ ከአጥሩ ከፍ ብሎ ካለው ደረጃ ላይ ተቀመጥን። አያ ዋሴ አዲስ ጋቢ ለብሰው፣ ዱላቸውን በጉልበታቸው መሐል አቁመው፣ ልክ ቤተ ክርስቲያን እንደሚቀመጡት ተቀመጡ። ቡድኖቹ ሲገቡ ትዕዛዙ ከሁሉም ኋላ መጣ። ሕዝቡ "ወንጭፍ! ወንጭፍ!" አለ። እሱ ለሕዝቡ እጁን አላነሳም። ዓይኑን ደረጃ ለደረጃ እያንከራተተ ፈለገና እኔ ላይ ሲደርስ ቆመ። እጄን አወዛወዝኩለት። ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ወደ ግቡ ሮጠ።

ጨዋታው ተጀመረ፤ የእኔም ሲኦል አብሮ ተጀመረ። እንግዶቹ ማሸነፍ ግድ ስለሆነባቸው ገና ከመጀመሪያው ተንጋግተው መጡ። ኳስ ከክንፍ በተሻገረ ቁጥር የአያ ዋሴን ጋቢ እጨብጣለሁ። ትዕዛዙ በግራ እጁ ይመታል፣ በደረቱ ይደፋባታል፣ በእግሩ ያወጣል። ቀኙን ሲያነሳ ላስቲኩ ይዞ ሲያስቀረው ከዚያ ሆኜ ይታየኛል። አንዷ ኳስ ወደ ቀኝ ማዕዘን ከፍ ብላ መጣችና ዘለለ፤ አልደረሰባትም። አግዳሚውን ገጭታ ወጣች። ከኋላዬ አንዱ "እጁን አይዘረጋም እንዴ!" አለ። ዞሬ በጥፊ ልለው ነበር።

ጨዋታው በቆመ ቁጥር ደግሞ ትዕዛዙ ቀና ብሎ እኔን ያያል። ኳስ ወደ ውጭ ስትወጣ ያየኛል። ዳኛው ፊሽካ ሲነፋ ያየኛል። መጀመሪያ ደስ አለኝ፣ ቆይቶ አናደደኝ።

"ምነው ይኽ ልጅ ወደዚህ ወደዚህ ይላል?" አሉ አያ ዋሴ። "ኳሱ ወዲያ፣ ዓይኑ ወዲህ።"

"እርስዎን ነው የሚያየው አባባ።"

"እኔን አይደለም። አንቺን ነው። ዕዳ እንዳለበት ሰው ነው የሚያይሽ።"

በእጄ ወደ ኳሱ አመለከትኩት። "ኳሱን እይ! ኳሱን!" እኔ እሱን ላፍታ ባላየው የሚሞት መስሎኝ ዓይኔን ሳልነቅል፣ እሱ ደግሞ ዓይኑን ከእኔ አልነቅል ብሎ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ ኳስ ሲያይ እኛ ተፋጠን እረፍት ሆነ። ያለ ግብ።

ከእረፍት ሲመለሱ ልብስ ሰፊ ባልሆን ያላየሁትን ነገር አየሁ። ማሊያው ጀርባው ላይ ቀድሞ እንደነበረው አልተወጠረም፤ ላላ ብሎ ወርዷል። ላስቲኩን ቆርጦታል። የእኔ ስፌት በእጅ የሚተረተር አይደለም፤ መቀስ ለምኖ ነው። እዚያው ተነስቼ ልጮህ ቃጣኝ። አባቱ አጠገቤ ተቀምጠዋል፣ ሕዝቡ ስሙን ይዘምራል፣ አሰልጣኙ ከመስመሩ ዳር እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል። ምን ብዬ ልጩህ? ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎስጉሼ ተቀመጥኩ።

ወደ መጨረሻው ሲጠጋ እንግዶቹ በረኛቸው ብቻ ሲቀር ሁሉም ወጡብን። አንድ የተሻገረ ኳስ ተነሳች፤ ትዕዛዙ ከሰው መሐል በሁለት እጁ ለቀማት። ቀና አለ። የእኛ አጥቂ መሐል ሜዳ ላይ ብቻውን ቆሟል።

"ወንጭፍ!" አለ ስታዲየሙ።

"አትወርውር" አልኩ በሹክሹክታ። "ትዕዛዙ፣ በአምላክህ፣ አንከባላት።"

ክንዱን ወደ ኋላ አደረገ፤ ወረወረ። ኳሷ የሁሉንም ራስ አልፋ ሄዳ ከአጥቂው እግር ፊት ወደቀች። አጥቂው አንዴ ገፋት፣ ቀና ብሎ በረኛውን አየ፣ መታ። ገባች።

"ይኽች ናት ክንዱ?" አሉ አያ ዋሴ።

"እርስዋ ናት አባባ።"

"ሸጋ ናት" አሉ። ዓይናቸው ሞልቶ ነበር።

የቀረው ሰው ግን አብዷል። ከላይ ያሉት ወደ ታች ተንደረደሩ፤ አንድ ወጠምሻ ጀርባዬን ገፋኝና ከደረጃው መሐል በግንባሬ ተደፋሁ። ክርኔ ሲሚንቶው ላይ ተፋቀ። ጫማ፣ ሱሪ፣ አቧራ። መነሳት አቃተኝ፤ አንዱ ነጠላዬን ረግጦ ቆሟል። አያ ዋሴ በዱላቸው የሰው እግር እየመቱ "ተነሱላት! ሴትዮዋን ገደላችኋት!" ሲሉ ይሰማኛል።

እኔ ወድቄ ሳለሁ የሆነውን ያየሁት አይደለም፣ የሰማሁት ነው። ጓደኞቹ ሁሉ ግብ ያገባውን ከበው ሲጨፍሩ ትዕዛዙ ወደ እኛ ደረጃ ዞረ። ከዚያ ግቡን ትቶ ወደ አጥሩ መራመድ ጀመረ። ጓደኞቹ ወደ ቦታቸው ተመለሱ፤ መሐል ላይ እንግዶቹ ኳሷን አስቀምጠዋል፤ ዳኛው ነፋ፤ እሱ አሁንም ፊቱን ወደ ደረጃው እንዳደረገ ነው። ከእነሱ አንዱ ግቡ ባዶ መሆኑን አየና ከመሐል ሜዳ ከፍ አድርጎ መታ።

የተነሳሁት ሕዝቡ በአንድ አፍ "ኧረ በረኛ!" ሲል ነው። ኳሷ በሰማይ ላይ ናት። ትዕዛዙ ወደ ኋላ እየሮጠ ነው። ግቡ ጋ ሲደርስ ጀርባውን ለሜዳው ሰጥቶ ዘለለ፤ ቀኝ እጁን የቻለውን ያህል ወደ ላይ ዘረጋ፤ ኳሷ የጣቱን ጫፍ ነክታ በአግዳሚው ላይ ወጣች። እሱ መረቡ ሥር ወደቀ። ስታዲየሙ አጨበጨበ።

አልተነሳም።

ይነሳል ብዬ ጠበቅሁ። ወጌሻው ቦርሳውን ይዞ ሮጠ። አልተነሳም። እግሩም አይንቀሳቀስም። አንድ ቃል ብቻ ጆሮዬ ላይ ይጮሃል፤ የገዛ ድምፄ ነው፤ ትዕዛዙ ይሙት። ትዕዛዙ ይሙት ደህና ነው።

ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም። አጥሩ በር ላይ ፖሊስ አስቆመኝ። "ባሌ ነው!" አልኩት። ክርኔ ይደማል፣ ነጠላዬ ተቀዷል፤ ፊቴን አይቶ በሩን ለቀቀልኝ። ስደርስ ወጌሻው ቀኝ እጁን ይዞ ሊስብ ጎንበስ ብሏል።

"እንዳትነካው!" ብዬ ጮህኩ።

ትዕዛዙ ዓይኑን ገለጠ። ፊቱ ላብና አፈር ብቻ ነው። አየኝ። ከዚያ ምን እንዳለ ታውቃላችሁ? "አለሽ?" አለኝ። "አዜብ፣ አለሽ?"

"አለሁ እንጂ የት እሄዳለሁ!" አልኩት። ማልቀስ ጀመረ። ትከሻው ሲወጣም ሲገባም አልቅሶ የማያውቅ ሰው ነው። ሕመሙ ጠንቶበት ነው አልኩ።

አሰልጣኝ አንዳርጋቸው ከላዬ ቆመው ነበር። "ትችላለህ?" አሉት። የማዕዘን ምት አለብን፤ ጨዋታው ሊያልቅ ምንም አልቀረውም። ትዕዛዙ ዓይኑን ከእኔ አልነቀለም። አሰልጣኙም ወደ እኔ ዞሩ።

"ዋሽቻለሁ ጋሼ" አልኩ፤ ሁሉም እየሰማ። "ትከሻው ድሮም ይወጣል። አውቄ ነው የማልኩት። ልጁን ያስገቡ፣ ይኼን ሰው ያውጡልኝ።"

አሰልጣኙ ከእኔ ወደ እሱ፣ ከእሱ ወደ እኔ አዩ። ወደ ወንበሩ ዞረው "ሀብተሥላሴ! ጓንትህን አጥልቅ!" ብለው ተጣሩ። ትዕዛዙ ይጣላኛል፣ አልወጣም ብሎ ይሟገታል ብዬ ነበር። ዓመታት የጠበቃት ቀን ናት፣ አባቱ ላይ ታች ሲሉ ይታያሉ። እሱ ግን ቃሬዛው ላይ እንደ በግ ተጋደመ፤ ግራ እጁ ብቻ የቀሚሴን ጫፍ ጨብጦ አልለቅም አለ።

ከግቡ ጀርባ አምቡላንሱ አጠገብ አስቀመጡን፤ በሩ እስኪከፈት። ትከሻውን ዳሰስኩት። ይህን እኔ የምመልሰው አይደለም። "ጣቶችህን አንቀሳቅስ" አልኩት። አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ ተነቃነቁ። ሌሎቹ ዝም አሉ። ሁለታችንም አየናቸው። ያ ክንድ ከዚያ ወዲያ ኳስ አልወረወረም።

ከኋላችን ጩኸት ተነሳ። ሀብተሥላሴ የማዕዘኑን ምት በቡጢ መትቶ አወጣት፤ ፊሽካው ረጅም ተነፋ፤ ሰው ወደ ሜዳው ጎረፈ። አልፈናል። ትዕዛዙ ወደዚያ እንኳ አልዞረም።

"ጋሼን ምን ብለሽ ነው ያሳመንሻቸው?" አለኝ።

"ማልኩላቸዋ።"

"በማን ማልሽ?"

አቀርቅሬ ነጠላዬን ማስተካከል ጀመርኩ። ፊቱ ተለወጠ። "በኤልሳ?"

"በልጄማ አልምልም!"

"ታዲያ በማን?"

"በአንተ" አልኩ። "እኔ ነኝ እዚህ ያጋደምኩህ። አፌን ይቁረጠው።"

መጀመሪያ ፈጠጠብኝ። ከዚያ መሳቅ ጀመረ። ሲስቅ ትከሻው ያመዋል፣ ሲያመው ይጮሃል፣ ጮሆ እንደገና ይስቃል። ልምታው ፈለግሁ፤ የሚመታ ቦታ አጣሁ።

"ምን ያስቅሃል አንተ?"

"እኔንም ኤልሳ ትሙት በል ብለውኝ ነበር" አለ። "እምቢ አልኩ። ታዲያ የምትወደው ሰው የለህም ወይ አሉኝ።"

የካውያው ሽቦ ትዝ አለኝ። ማንቆርቆሪያው። ባጃጁ። በማን እንደማለ አልጠየቅሁትም።

"ግቡ ሲገባ ቀና ብዬ ባይ" አለ፣ ድምፁ እየተቆራረጠ፣ "ቦታሽ ላይ የለሽም። ያ ሁሉ ሰው ቆሞ አንቺ ብቻ የለሽም።"

ግንባሩን በነጠላዬ ጠረግሁለት። ያን ጊዜ ነው ክርኔን ያየው። ግራ እጁን ዘርግቶ ያዘኝና ደሙን አየ፤ ፊቱ አመድ መሰለ።

"ደምተሻል።"

"ጭረት ነው።"

"እውነት? ሌላ ቦታ አልተመታሽም?"

"ትዕዛዙ ይ—" ብዬ ጀመርኩ። አፌን በመዳፌ ያዝኩ። እሱም ትንፋሹን ያዘ።

"ጭረት ነው" አልኩት ደግሜ፤ የማንንም ስም ሳልጠራ።

አመነኝ።